ቅጠል፣ አውራ ዶሮና የቤት ኪራይ

«የሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ ማነው?» ብላችሁ እዚህ ሃያ ዓመት የኖረ ሐበሻ ጠይቁ። ጭንቅላቱን አከክ አከክ አድርጎ «ቆይማ… አፌ ላይ ነበር፣ ጠፋኝ» ይላችኋል። አልጠፋውም፤ ሰውየው የሉም። ሲልቨር ስፕሪንግ ከ80 ሺህ በላይ ሕዝብ፣ ስንትና ስንት የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ ይዛ ከንቲባ የላትም፣ ምክር ቤት የላትም። በሕግ የቆመች ከተማ ስላልሆነች የምታስተዳድራት ሞንጎመሪ ካውንቲ ናት። አጥር የምትጋራት ታኮማ ፓርክ ግን በ2020 ቆጠራ ነዋሪዋ 17 ሺህ 600 ገደማ ሆኖ ሳለ ከንቲባ አላት፣ ስድስት የምክር ቤት አባላት አሏት፣ የራሷ ፖሊስ አላት። (ዓመተ ምሕረቱ የአገር ቤት ጉዳይ ካልሆነ በቀር የፈረንጅ ነው፤ ኋላ «ተሳሳተ» እንዳትሉኝ።)

እንግዲህ ስለዚች ትንሽ ከተማ ምክር ቤት አንድ ሁለት ነገር ማለት ፈልጌያለሁ። «ምን ሥራ ፈታህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ወገኖቼ ፓርላማ ሲባል፣ ኮንግረስ ሲባል፣ ኋይት ሐውስ ሲባል ሌሊቱን ሙሉ የማንጨርሰው ክርክር የለንም። ኪራያችንንና ጎዳናችንን የሚወስነው ሸንጎ ግን የት እንደሚቀመጥ አናውቅም። የሚቀመጠው ሜፕል አቬኑ ነው፤ ማለትም ብዙ ሐበሻ በተከራየባቸው ረጃጅም ሕንጻዎች በዚያው መንገድ። በእግር ይደረሳል።

አጀንዳውን መጀመሪያ ያነበበ ሐበሻ መሳቁ አይቀርም። ቅጠል አለ። በመኸር የረገፈውን ቅጠል ሰዉ ጠርጎ መንገድ ዳር ይከምረዋል፣ የከተማው መኪና እየዞረ ይስበዋል፤ ስለዚህ በጀት ይያዝለታል፣ ጥያቄ ይቀርብበታል። ዛፍ አለ። በገዛ ግቢህ የበቀለ ዛፍ የግንዱ ዙሪያ 24 ኢንች ከሞላ ያለ ከተማዋ ፈቃድ መቁረጥ ክልክል ነው። እንደኛ ጧት ተነሥቶ በመጥረቢያ የለም! ኑክሌርም አለ። ከተማዋ በ1983 ራሷን «ከኑክሌር ነፃ ቀጠና» ብላ አወጀች፤ ከኑክሌር መሣሪያ ሥራ ጋር ንክኪ ካለው ኩባንያ ዕቃ አትገዛም። በዚህ የተነሣ በ2012 ለቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ሲፈለግ ሠሪው ኩባንያ ንክኪ አለበት ተብሎ ምክር ቤቱ ልዩ ፈቃድ መስጠት ግድ ሆነበት። ደግሞ አውራ ዶሮ አለ። ሮስኮ የሚባል፣ ባለቤት የሌለው፣ በከተማዋ እንደ ልቡ ሲንጎራደድ የኖረ አውራ ዶሮ በ1999 መኪና ገጨው። ዛሬ የነሐስ ሐውልቱ አሮጌው ታኮማ ውስጥ ቆሟል። እኛ አገር እንዲህ ያለ አውራ ዶሮ ሐውልት ሳይሆን ድስት ነበር የሚጠብቀው።

ሳቃችንን ስንጨርስ ግን ይኼው ምክር ቤት ሌላ ምን ምን እንደሠራ እንይ።

ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የቤት ኪራይ ጭማሪን በሕግ ገድቧል። ባለ ሕንጻው በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ መጨመር አይችልም። የሚጨምረውም በአካባቢው የዋጋ ንረት መጠን ብቻ ሲሆን፣ ልኩን ከተማዋ በየዓመቱ አስልታ ከጁላይ 1 ጀምሮ ታስታውቃለች። ከመጨመሩ በፊት ደግሞ የሁለት ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። የሁለቱን ወገን ክርክር የሚሰማ የአከራይና የተከራይ ጉዳይ ኮሚሽን አለ። ጠቅላላው ሞንጎመሪ ካውንቲ አሁን ያለውን ገደብ ያወጣው በ2023 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2024። በ1985 ደግሞ ከጓቲማላና ከኤል ሳልቫዶር ጦርነት የሸሹ ስደተኞች ጉዳይ ሲያነጋግር፣ ፖሊሷና ሠራተኞቿ የኢሚግሬሽን አሳዳጅ እንዳይሆኑ ደነገገች።

አሁን እኛን በቀጥታ ወደሚነካው ልምጣ። በ1990 ቆጠራ ማግሥት ከተማዋ የምርጫ ቀጠናዎቿን ስታካልል አንድ ነገር ታየ፦ ቀጠናዎቹ በሕዝብ ቁጥር እኩል ሆነው ሳለ በመራጭ ብዛት ግን አይገናኙም። የተከራዩና የስደተኛው ሠፈር ሰው ሞልቶት መራጭ የለውም። ያን ጊዜ የሕግ መምህር የነበረው፣ ኋላ ሜሪላንድን ወክሎ ኮንግረስ የገባው ጄሚ ራስኪንና ጓደኞቹ «ግብር የሚከፍል፣ ልጁን እዚህ የሚያሳድግ ሰው ዜጋ ባይሆንም በከተማው ጉዳይ ለምን ድምፅ አይሰጥም?» አሉ። በ1991 ነዋሪው ተጠየቀ፤ በ92 ድምፅ ልዩነት ብቻ «ይሁን» አለ። በ1992 ሕግ ሆነ። ስለዚህ ግሪን ካርድ ይኑርህ፣ ጥገኝነት ጠይቀህ መልስ ጠባቂ ሁን፣ ታኮማ ፓርክ ነዋሪ እስከሆንክ ድረስ ከንቲባውንና የቀጠናህን ተወካይ ትመርጣለህ። በ2013 ደግሞ የመምረጫ ዕድሜ ወደ 16 ወረደ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ከተማ ናት። ሃያትስቪልን የመሳሰሉ ሌሎች የሜሪላንድ ከተሞችም ዜጋ ላልሆነው በራቸውን ከፍተዋል፤ ዋሽንግተን ዲሲም በ2022 ሕጉን አውጥታ በ2024 ምርጫ አስመርጣለች።

ታዲያ ሐበሻው የታለ?

የለም። ዜጋ ያልሆኑ መራጮች የሚመዘገቡት ለብቻ ነው፤ የዚያ መዝገብ ቁጥር ሜፕል አቬኑ ላይ ከሚኖረው ስደተኛ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ ዕድሉን ያገኙት የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ከተመዘገቡት ውስጥ ከአሥሩ አራቱ ወጥተው ሲመርጡ፣ አጠቃላዩ መራጭ ከአሥር አንድ ገደማ ነበር። ፈረንጁም ትጉ ነው ማለት አይደለም። ግን የፈረንጁ አለመምጣትና የኛ አለመምጣት አንድ አይደሉም። ፈረንጁ ባይመጣም ጎረቤቱ መጥቶለታል፤ ያ ጎረቤት እንደሱ የቤት ባለቤት ነው፣ እንደሱ ዛፍ አለው፣ እንደሱ ቅጠል ያስጠርጋል። የሱ ችግር ተነግሮለታል። የኛን ማን ይናገርልን?

ለዚህ ነው ቅጠሉ አጀንዳ ላይ የሚበዛው። ምክር ቤቱ ቅጠል ስለሚወድ አይደለም። ቅጠል ያለው ሰው ስለሚመጣ ነው።

እንግዲህ ለምን እንደማንመጣ «ሐበሻ ግድ የለውም» በሚለው ዘፈን ማለፍ ይቻላል። ብዙ ሰው እንዲያ ያልፈዋል። እኔ አልስማማም። ሐበሻ እኮ ስብሰባ ያውቃል! እድራችንን ተመልከቱ፦ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ደንብ፣ ቃለ ጉባኤ፣ አርፍዶ ለመጣ ቅጣት፣ ላልመጣ ድርብ ቅጣት። ቤተ ክርስቲያን የምንከሳሰስበትን የመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ የሚያህል የታኮማ ፓርክ ምክር ቤት ራሱ ያለው አይመስለኝም። «ሥነ ሥርዓት!» ብሎ እጁን የሚያወጣ ሰው ከኛ በላይ የት ይገኛል?

ችግሩ ሌላ ነው። የኪራይና የመንግሥት ስብሰባ አንድ ላይ ሲነሡ በኛ ትውልድ ጆሮ የሚደወለው ደወል «ቀበሌ» የሚል ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራይ ተቀነሰ፣ ከ100 ብር በታች የሚከራየው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ። ብዙ ድኻ ተጠቀመ፤ ይኼን መካድ አይቻልም። ግን ብዙም ሳይቆይ የኪራይ ደረሰኝ የሚቆርጠው ግቢ እስር ቤትም ሆነ። ስብሰባ የቀረ ስሙ ይመዘገባል፤ የተናገረም ስሙ ይመዘገባል። ኋላ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ አንድ የቀበሌ ምክር ቤት 300 ወንበር ተሰጠው። ሦስት መቶ ሰው ተሰብስቦ ምን ይመክራል? እጅ ያወጣል፣ ያጨበጭባል፣ አበሉን ይቀበላል። ከዚህ ያመለጠ ሰው ሜሪላንድ መጥቶ «የከተማው አስተዳደር ስብሰባ ጠርቶሃል» ሲባል በሩን ቢቆልፍ ይፈረድበታል? አይፈረድበትም። ጉዳቱ ግን የሱው ነው።

አንዲት የማውቃት ሴት አለች፤ ስሟ ይቅር። ሜፕል አቬኑ ከሁለት ልጆቿ ጋር ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ቀን አንድ ነርሲንግ ሆም፣ ማታ ሌላ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ይዘን ቆመን፣ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ፤ ልጄ ትክክል አይደለም እያለ ይጨቀጭቀኛል» አለችኝ። የኪራይ ጭማሪ ማስታወቂያ ነው። የተጻፈበት ጭማሪ በዚያ ዓመት ከተማዋ ከፈቀደችው በላይ ነበር።

«ከፈልሽ እንዴ?»

«ሰባት ወር ሆነኝ። ምን ላድርግ?»

«እንዲህ መጨመር እኮ አይቻልም። ከተማው ሕግ አለው።»

«ሕግማ ይኖራል» አለች፤ እንደምታዝንልኝ ሁሉ። «እኔ ግን ዜጋ አይደለሁም።»

የኪራዩ ሕግ ስለ ዜግነት አንዲት ቃል እንደሌለው ነገርኳት። አላመነችኝም። ያመነችው ልጇን ነው። ልጇ 16 ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤት ስለ ከተማው ምርጫ ሰምቶ ተመዝግቦ መርጧል። የአቤቱታ ቅጹን ሞላላት፣ የኪራይ ደረሰኞቿን አያያዘ። ከጥቂት ወር በኋላ ትርፉ ገንዘብ ከሚመጣው ኪራይ እየተቀነሰ ተመለሰላት። እሷ አሁንም «አከራዩ ሳይቀየመኝ አይቀርም» ትላለች። ልጇ የመረጠበት ምርጫ ላይ እሷም መምረጥ ትችል ነበር። አልመረጠችም።

እዚህ ላይ ሸንጎውንም አንድ ሁለት መባል አለበት። ስብሰባው ረቡዕ ማታ ነው፤ እንደኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል። ጾሙ ይቅርና፣ በዚያ ሰዓት የሜፕል አቬኑ ሐበሻ ወይ ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ነው፣ ወይ ኡበር ላይ ነው፣ ወይ አዛውንት አልጋ አጠገብ። ነዋሪ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። ሦስት ደቂቃ! የኛ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ ደወሉ ይደወላል። «እንደምን አመሻችሁ፣ በመጀመሪያ ይህንን ዕድል ስለሰጣችሁኝ…» ሲል አንዱ ደቂቃ አለቀ። በሌላ ቋንቋ እያሰበ የሚናገር ሰው ሦስት ደቂቃው አንድ ተኩል ናት። ደግሞ ያለ ክርክር በአንድ ላይ የሚያልፉ ጉዳዮች ዝርዝር አለ፣ የመጀመሪያ ንባብ አለ፣ ሁለተኛ ንባብ አለ። ሰው በሁለተኛው ንባብ ሲመጣ ነገሩ በመጀመሪያው አልቋል፤ በመጀመሪያው ሲመጣ ደግሞ «ገና ነው» ይባላል። ይህንን የሚያውቅ ጡረተኛና ጠበቃ ነው። ሁለቱም የቤት ባለቤቶች ናቸው።

ከተማዋ አማርኛን ከምትጠቀምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ማድረጓ ያስመሰግናታል። ግን በጠቅላላው በዚህ አካባቢ የመሥሪያ ቤቶች አማርኛ የሚያሳዝን ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የላከው ወረቀት ላይ «የሕዝብ መስማት ይደረጋል» የሚል አንብቤ ለብቻዬ ስቄያለሁ። ሕዝቡ ምኑን ነው የሚሰማው? መሰማት ያለበት እሱ ነበር። ወረቀቱ የተተረጎመው በማሽን መሆኑ ነው፤ የተረጎመው ሰው ከሆነም ለእናቱ እንዲህ ብሎ አይጽፍላትም።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ትልቁን ጉዳይ ልንገራችሁ። ከአድቬንቲስቶች ሆስፒታል አጠገብ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው ሆስፒታሉ በ2019 ኦገስት ወደ ኋይት ኦክ ተዛወረ፤ ሰፊ ቦታ ባዶ ቀረ። የቦታውንና የሜፕል አቬኑን የወደፊት መልክ የሚወስን ዕቅድ ተነደፈ። ሐሳቡ አሁን ካሉት ሕንጻዎች ከፍ ያሉ፣ ብዙ ቤት የሚይዙ ሕንጻዎች እንዲፈቀዱ ነው። ደጋፊዎቹ «ሕንጻዎቹ አርጅተዋል፣ የቤት እጥረት አለ፣ ሕጉ ካልላላ ማንም አያድስም» አሉ። ይኼ ባዶ ወሬ አይደለም፤ ሊፍቱ የሚበላሽበት ተከራይ ያውቀዋል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «ከፍ ያለ መሥራት ከተፈቀደ ባለ ሕንጻው አሮጌውን አፍርሶ አዲስ ለመሥራት ይጓጓል፤ በከተማዋ ሕግ አዲስ ሕንጻ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ከኪራይ ገደቡ ነፃ ነው፤ እስከዚያ የነበረው ተከራይ የት ሊገባ ነው?» አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። ቤት መሥራት ጠልቼ አይደለም። የሚፈርሰው ሕንጻ ውስጥ ያለው ሰው አዲሱ ሲያልቅ ተመልሶ እንዲገባ የሚያስገድድ ጠንካራ ዋስትና ሳይቀድም ከፍታው መቅደሙ ቅደም ተከተሉ የተዛባ ስለሆነብኝ ነው።

የመሬት አጠቃቀሙን የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠው ካውንቲው እንጂ ከተማዋ አይደለችም፤ የታኮማ ፓርክ ምክር ቤት አስተያየቱን ይልካል። አንዳንዱ ሰው «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» ይላል። ዋጋማ አለው። የካውንቲው ምክር ቤት የከተማዋን አቋም ይዞ ነው የሚከራከረው፤ ያ አቋም ደግሞ የሚጻፈው እዚያው ሜፕል አቬኑ አዳራሽ ነው። ክርክሩ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ። ስለ ዛፉ ጥላ፣ ስለ መኪና ማቆሚያው፣ ስለ ጅረቱ የተናገረው ብዙ ነው። ተከራዮችም ተናግረዋል፤ ሐቁን ለመናገር አንዳንዶቹ ጎበዞች ነበሩ። ግን የሚፈርሰው የሱ ቤት ከሆነው ሰው ብዛት ጋር ሲተያይ ጥቂት ናቸው። ካውንቲው ዕቅዱን በ2024 አጸደቀው። ከእንግዲህ ያለው እያንዳንዱ ባለ ሕንጻ የግንባታ ጥያቄ ሲያቀርብ የሚመጣው ዝርዝር ነው፤ ተከራዩን ማን ያዛውረዋል፣ በስንት ይመለሳል፣ ስንቱ ቤት በቅናሽ ይከራያል የሚለው። አንድ በአንድ፣ ረቡዕ በረቡዕ።

ስለ መምረጡ አንድ ፍርሃት አለ፤ እሱን ሳልጠቅስ ባልፍ ሰው ማሳሳት ይሆናል። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፕሬዚዳንትና በኮንግረስ ምርጫ ከመረጠ ወንጀል ነው፣ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ስለዚህ የታኮማ ፓርክ ምርጫ ኖቬምበር ላይ ከአገር አቀፉ ጋር በአንድ ቀን ሲሆን ዜጋ ላልሆነ ሰው ወረቀቱም መዝገቡም የተለየ ነው። ምዝገባው በከተማዋ ጸሐፊ ቢሮ ነው እንጂ መንጃ ፈቃድ በሚታደስበት መሥሪያ ቤት አይደለም። እዚያ «መመዝገብ ትፈልጋለህ?» የሚለው የክፍለ ግዛቱን ምርጫ ነው፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው እዚያ «አዎ» እንዳይል! የዜግነት ማመልከቻው ላይም «በማንኛውም ምርጫ ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ አለ። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ የከተማውን ምርጫ ይሸሻል። በ2024 በወጣው የማመልከቻው እትም ላይ ግን ዜጋ ላልሆኑ በተፈቀደ የአካባቢ ምርጫ ብቻ በሕጋዊ መንገድ የመረጠ ሰው «አይደለም» ብሎ መመለስ እንደሚችል ተጽፏል። ቅጹ ስለሚለዋወጥ ሲሞላ የጊዜውን እትም ማንበብ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ መጠየቅ ነው። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠበቃ አላልኩም።

ይህንን ለዚያች ሴት ሳስረዳት በጥሞና ሰማችኝ። ሰምታ ስታበቃ «እሺ፣ ይሁን። ስብሰባው ግን ረቡዕ ነው አልከኝ? ረቡዕ ሺፍት አለኝ» አለች። ልጇን እንድትልከው ነገርኳት። «እሱማ ሳልልከውም ይሄዳል» አለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚናገሩት? ወረቀት ላይ ጽፌ ብሰጠው ያነብልኛል?» ስትል ጠየቀችኝ። በጽሑፍም መላክ ይቻላል አልኳት። በአማርኛ ጽፋ ልጇ በእንግሊዝኛ ሊያነብላት ተስማሙ። የጻፈችው ስለ ኪራይ መስሎኝ ነበር፤ ሳየው ግማሹ ስለ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ነው።